ኑዛዜዬን እህቴ ልታስመዘግብልኝ ሄዳ መለሷት፤ ማክሰኞ ኦፕራሲዮን አለኝ

ባለ ጉዳዩ
ሰላም ናችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ኦፕራሲዮን እገባለሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምና ባንክ ውስጥ ትንሽ ብር አለኝ። እህቴ ሙሉ ውክልና አላት። እኔና ባለቤቴ ኑዛዜ በኮምፒውተር ጽፈን፣ አንዱ ወረቀት ላይ ሁለታችንም ፈርመን በቫይበር ላክንላት። እዚህ ያለውንም ቤት እዚያው ላይ አስገብተነዋል። ዛሬ ልታስመዘግብ ብትሄድ «ኑዛዜ በውክልና አይሆንም» ብለው መለሷት። ኤምባሲ ቀጠሮ እስከ ማክሰኞ አይደርስልኝም። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይንገረኝ።

አራዳው ከሲያትል
መጀመሪያ እግዜር ይማርህ። ሁለተኛ፣ መኪናዋን ለማን ነው የተናዘዝካት? ዝም ብዬ ነው የምጠይቀው።

እትዬ ቡና
ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ኑዛዜ ኑዛዜ የምትለው? ዛሬ ሰው ጠዋት ተቀዶ ማታ ቤቱ ይገባል። በራስህ አታሟርት። ድነህ ትነሣና ክረምት ላይ አገር ቤት ሄደህ ተረጋግተህ ታደርገዋለህ።

ባለ ጉዳዩ
እትዬ አሜን፣ ግን ልጆች አሉኝ። ሳላደርገው አልገባም።

ኤምባሲ ሂድ
ኤምባሲ ሂድ። ኖታሪ አስፈርም፣ ከዚያ ስቴት፣ ከዚያ ስቴት ዲፓርትመንት፣ ከዚያ ኤምባሲ። አዲስ አበባ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። እኔ ውክልና የላክሁት እንደዚህ ነው።

አራዳው ከሲያትል
ሰውየው ማክሰኞ ነው ያለህ፣ የቱ ዓመት ማክሰኞ እንደሆነ ግን አልነገረህም።

ጋሽ መዝገቡ
እናንተ ልጆች ሁሉን ነገር በስልክ ማድረግ ትወዳላችሁ። ድሮ አባቶቻችን ሲናዘዙ የነፍስ አባት ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ማንም ኋላ አልሰማሁም አይልም። ሕጉም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ። በግልጽ የሚደረገው በ4 ምስክሮችና በተናዛዡ ፊት ይነበባል፤ መነበቡም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የሰነድ ሹም ከሆነ 2 ይበቃሉ። የቃሉ ግን በ3 ወር ይፈርሳል፣ በዚያ ላይ ለቤት አይሆንም። ኑዛዜ የሰውየው የራሱ ቃል ነው። እህትህ በአንተ ፈንታ ልትናዘዝ አትችልም፣ ልክ ነው የመለሷት።

ባለ ጉዳዩ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን 4 ምስክር ከየት አመጣለሁ? ውክልናውስ ሙሉ ነው፣ እኔ ባልኖር እንኳን እህቴ ትጨርሰዋለች ብዬ ነበር።

የቢሮ ጸሐፊዋ
ወንድሜ፣ ውክልናው አንተ ስትሞት አብሮ ያበቃል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ከሞትክ በኋላ እህትህ በዚያ ወረቀት ብታዘዋውር ጣጣ ነው የምትገባው።

አዲስ አበባ ላለው ንብረት ምስክር የማያስፈልገው መንገድ አለ። በእጅህ ጻፈው። ሙሉውን፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ በራስህ እጅ ጽሑፍ። «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ብለህ በግልጽ ጻፍ፤ ይህ ከሌለ ደብዳቤ ነው ይሉሃል። በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑር። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ግለጸው፣ ኋላ ክርክር የሚነሣው እንዲህ ባለ ነገር ነው። በኮምፒውተር ብትጽፈውም በየገጹ በእጅ መሞላት ያለበት ነገር አለ፤ ስለዚህ አትልፋ፣ እስክሪብቶ አንሣ። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ስለዚህ ስትድን አስቀምጠው።

ሚስትህ ደግሞ የራሷን ለብቻዋ ትጻፍ። ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት የተናዘዘው ኑዛዜ ዋጋ የለውም።

ኤምባሲ ሂድ
እኔ አሁንም ኤምባሲ ሂድ ነው የምለው።

ሮክቪል
እዚህ ላለው ቤት በእጅ የተጻፈው አያዋጣም። ቨርጂኒያ ብትሆን በእጅ የጻፍከውን ያለ ምስክር ይቀበሉሃል። ሜሪላንድ ግን በጽሑፍ ሆኖ አንተ ፈርመህ 2 ምስክሮች ፊትህ መፈረም አለባቸው። ኖታሪ ግዴታ አይደለም። የሚወርስ ሰው ምስክር አይሁን፣ ጎረቤት ጥራ። ስትጨርስ ሮክቪል የሚገኘው የኑዛዜ መዝገብ ቤት በ5 ዶላር ያስቀምጥልሃል፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ከሆንክ።

ከዚያ በፊት ግን የቤቱን ሰነድ አውጥተህ እየው። በባልና ሚስት ስም በጋራ ከተመዘገበ አንዱ ሲሞት በቀጥታ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ኑዛዜው አይነካውም። የጡረታ ሂሳብህም (ፎር ኦ ዋን ኬህ) በኑዛዜ አይሄድም፤ ሚስትህ በጽሑፍ ካልፈቀደች በቀር ተጠቃሚ ብለህ ሌላ ሰው ብትሞላም ለሷ ነው። ከትዳር በፊት የሞላኸው ከሆነ አሁኑኑ ግባና እየው።

እትዬ ቡና
ሚስቱ እያለች ምን ኑዛዜ አስፈለገ፣ ሁሉም የሷ አይደል?

የቢሮ ጸሐፊዋ
እትዬ፣ በኢትዮጵያ ሕግ አይደለም። የጋራ ንብረት ከሆነ ግማሹን እንደ ድርሻዋ ትወስዳለች። የሟች ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆች ነው። ሚስት ወራሽ አይደለችም። ለዚህ ነው የሚጻፈው።

ባለ ጉዳዩ
ኮንዶሚኒየሙ ከጋብቻ በፊት በዕጣ የደረሰኝ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ አዲስ አበባ ከበፊት የወለድኩት ትልቅ ልጅ አለኝ። መጻፍ ያለብኝ አልመሰለኝም ነበር። እሱ እናቱ ጋ ነው፣ ኑዛዜው ላይ አላስገባሁትም። አሜሪካዊ ዜግነትም አለኝ፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጥቻለሁ።

አራዳው ከሲያትል
ይሄን ነበር መጀመሪያ የሚነገረው እኮ! ጋሽ መዝገቡ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ሊጀምሩ ነው።

ጋሽ መዝገቡ
እጀምራለሁ እንጂ! ልጅ ልጅ ነው። ስሙን ስለዘለልከው ከውርስ አልተነቀለም። ሕጉ ልጅን የሚነቅል ሰው በግልጽ ይንቀል፣ ምክንያቱንም ይጻፍ ይላል። አንተ ጥፋት ያላገኘህበትን ልጅ ዘለህ ብታልፈው ነገ ፍርድ ቤት የሚቆሙት ታናናሾቹና ሚስትህ ናቸው።

የቢሮ ጸሐፊዋ
ጋሼ እውነታቸውን ነው። ድርሻውን ጻፍለት፣ ከክርክር ያድናል። የባንክ ዕዳ ያለበት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ዕዳውም አብሮ እንደሚወርድ አትርሳ። ውርስ አጣሪ የሚሆን ሰውም ስሙን ጥቀስ፣ እህትህ እዚህ ጋ ነው የምትጠቅምህ። ስምህን ደግሞ ቤቱ ሰነድ ላይ እንዳለው እስከ አያት ጻፍና የአሜሪካ ፓስፖርትህ ላይ ያለውን አጠገቡ ጨምር።

ሮክቪል
ጠበቆችም የሚያልፉት አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ ከኢንተርኔት የሚወርደው ናሙና የመጀመሪያ አንቀጹ «ከዚህ በፊት ያደረግኳቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» ይላል። ቅዳሜ የአዲስ አበባውን በእጅህ ጽፈህ፣ እሑድ የሜሪላንዱን በናሙናው ብትፈርም፣ የቅዳሜውን ገደልከው ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ላይ «ኢትዮጵያ ያለውን ንብረቴን ብቻ የሚመለከት»፣ ሌላው ላይ «አሜሪካ ያለውን ብቻ፣ የኢትዮጵያውን አይሽርም» ብለህ ጻፍ።

ባለ ጉዳዩ
ይሄንን ማንም አልነገረኝም። አሁን ልጽፍ ተቀመጥኩ። በእጄ የጻፍኩትን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ በቫይበር ብልክላት ይበቃል?

የቢሮ ጸሐፊዋ
ፎቶው ለማወቅ ያህል ነው። ፍርድ ቤት የሚጠይቃት ዋናውን ነው። እስክትድን ዋናው ቤትህ ይሁን፣ የት እንዳለ ሚስትህም እህትህም ይወቁ። በመንገደኛ እጅ አትላከው።

ከሻርጃ
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እኔ ኤምሬትስ ነኝ። በእጅ የሚጻፈው እዚህ ላለ ሰውም ለአገር ቤት ንብረት ይሠራል?

ኤምባሲ ሂድ
ቆንስላ ሂጂ።