የፈረሰ ቤት ኮንክሪት ተከስክሶ በጠጠር ፋንታ ይገባል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የአባቴን የድሮ ሱቅ አፍርሰን በቦታው ጂ+1 ልንሠራ ነው። የሶሌታና የኮለን ስባሪ፣ የብሎኬት ፍርስራሽ ከነልስኑ ግቢውን ሞልቶታል። ጠጠር ከነማጓጓዣው አልቀመስ ብሏል፤ ፍርስራሹን ለማስጣልም ገልባጭ መከራየት ሊኖርብን ነው። በመዶሻ አስከስክሰን ለኮለንና ለሶሌታ ብናደርገውስ? ቦታው ዋልካ ነው።

ፎርማን (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድሜ፣ ለኮለንና ለሶሌታ አታስበው። ግን አትጣለው! ኮንክሪቱን ከብሎኬቱ ለይ። ዋልካውን አስቆርጠህ አውጣ፣ ገረጋንቲ አስሞልተህ በደንብ አስጠቅጥቅ፣ ከዚያ የኮንክሪቱን ስባሪ ለወለሉ ድንጋይ ድርደራ ተጠቀምበት። ዋልካው ላይ በቀጥታ ከደረደርከው ግን ክረምት ሲያብጥ ወለሉን ይዞት ይነሳል። ከፍርስራሹ የወጣውን ፌሮም አቃንታችሁ ኮለን ውስጥ እንዳትከቱ።

መሐንዲስ (ባሕር ዳር)፦
ፎርማኑ ልክ ነው። ምክንያቱን ልጨምር። ስባሪው ላይ የድሮው ሲሚንቶና አሸዋ ተጣብቆ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ደህና የጥቁር ድንጋይ ጠጠር ከክብደቱ 1 ወይም 2 በመቶ ያህል ውሃ ቢመጥ፣ ይኼ ከ3 እስከ 10 በመቶ ሊመጥ ይችላል። ጠጠሩን ሙሉ በሙሉ ከተካህ የኮንክሪቱ ጥንካሬ እስከ ሩብ በሚደርስ መጠን ሊቀንስ ይችላል። የአውሮፓ ደረጃ ንጹሕ የኮንክሪት ስባሪን ለብዙ ሥራ ከጠጠሩ እስከ 30 በመቶ ይፈቅዳል፤ ያ ግን ተመርምሮ በክሬሸር የተፈጨ ነው። ፕላንህ ላይ ሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ) ተብሎ ከተጻፈ፣ ዲዛይኑን የሠራው ሰው ሳያውቅ ጠጠር አይቀየርም።

ለግቢ መተላለፊያና ለወለል ኮንክሪት ግን ከጠጠሩ 20 በመቶውን ብትተካ አልቃወምም። በወንፊት ንፋው፣ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ዱቄት አትጠቀም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ጂብሰሙን ነው። ቤቱ ውስጥ የጂብሰም ልስን ወይም ኮርኒስ ከነበረ አንድም ቁራጭ አይግባ። ውስጡ ያለው ሰልፌት እርጥበት ሲያገኝ ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ ያብጣል፤ የደረቀውን ኮንክሪት ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ብሎኬት አምራች (ቡሬ)፦
የብሎኬቱን ፍርስራሽ እኔ አልፈጨውም፤ ባዶ ባዶ ስለሆነ ውሃ አይጠግብም። ጂብሰሙ ከተለቀመለት በኋላ ፍርስራሹ ለግቢ መሙያ ይሁንልህ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመተላለፊያው ስንጠቀም ውሃውን ምን ያህል እንጨምር?

መሐንዲስ፦
ሚክሰሩ ውስጥ በግምት እንዳትጨምሩ። ስባሪውን ከዋዜማው ጀምራችሁ አርሱት፣ ጠዋት ውሃው ይንጠፍጠፍ፤ ውስጡ ጠግቦ ላዩ የማያንጠባጥብ ሲሆን አቡኩት። ደረቁን ካስገባችሁት የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ሠራተኛው በባልዲ ይደፋበታል። ለወለሉም ከተጠቀማችሁ 15 በ15 በ15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፎርማ ውስጥ የኮንክሪት ናሙና ሙሉ፣ በማግስቱ ከፎርማው አውጥታችሁ ውሃ ውስጥ አቆዩትና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ቤተ ሙከራ አስጨምቁት። የ7ኛው ቀን ውጤት ከሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ በታች ከሆነ ስባሪውን ከቀጣዩ ድብልቅ አውጣው።