ሳልጋዶ ያን ብርሃን ከየት አመጣው?

የቸርችል ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ሰሜን ተራሮች ላይ ያነሳውን ፎቶ ደጋግሜ እያየሁ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግን ገደሉ በራቀ ቁጥር እየነጣ እየነጣ ይሄድና አየሩ ራሱ የሚታይ ይመስላል። እኔ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ቆሜ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እስከ ለገሃር ሳነሳው ግን አስፋልቱም ሕንፃውም ሰማዩም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆንብኛል። ካሜራዬ ደህና ነው። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ምዕራፍ
ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታነሳው?

የቸርችል ልጅ
ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ስወጣ። ይኸው ሚያዝያ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ።

ጨለማ ክፍል
ወንድሜ፣ እኔ ፒያሳ ፎቶ ቤት ፊልም እያጠብኩ ነው ያደግኩት። ያኔ የሚነገረን አንድ ነገር ነበር፦ ፀሐይን ከጀርባህ አድርጋት። ሳልጋዶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊቱ ነበር የሚያደርጋት። ብርሃን ከፊት ሲመጣ በአየሩ ያለውን ጉምና አቧራ ያበራዋል፤ ሩቁ ተራራ የሚነጣው ለዚህ ነው።

አሁን ቸርችልን አስብ። ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚወርደው። ታኅሣሥና ጥር ላይ የቀትር ፀሐይ በለገሃር በኩል ናት፣ ማለትም ፊትህ። ሰኔ ላይ ወደ እንጦጦ ዞራ ከኋላህ ትሆናለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ልክ አናትህ ላይ ነች፤ የመብራት ምሰሶውን ብታየው ጥላው ከግርጌው አይርቅም። ጥላ ከሌለ ምን ይለያል? ካሜራህን አትውቀሰው።

ጥር እስኪመጣ አትጠብቅ። ማልደህ ውጣና ፊትህን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ አዙር፤ ፀሐይዋ ከአራት ኪሎ በኩል ነው የምትመጣው። ብርሃኑን በካሜራህ ከሰማዩ ላይ ለካ፣ የቀረው ይጨልም።

ሰብለ ዘአራዳ
ደግሞ ፍጠን። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ በሰዓት 15 ዲግሪ። ያ ለስላሳ ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ሳልጋዶ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 በሰሜኑ ተራራ ወደ 850 ኪሎ ሜትር በእግሩ የሄደው እኮ ብርሃኑ በሚመጣበት ሰዓት እዚያው ለመገኘት ነው ብዬ አምናለሁ። በመኪና ደርሶ መልስ ይህ አይገኝም።

ምዕራፍ
የተራራውን እወደዋለሁ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ያነሳቸው ላይ ግን ያው ውብ ብርሃን ሲያርፍ ልቤ ይከብዳል። እናቴ ያን ዘመን ታውቀዋለች፤ አላሳየኋትም።

ሰብለ ዘአራዳ
ይገባኛል ምዕራፍ። እኔ ግን ብርሃኑ ለእነዚያ ሰዎች ክብር ሲሰጥ ነው የሚታየኝ።

የቸርችል ልጅ
ቅዳሜ ሄድኩ። ልክ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት እናት ዳቦ በፌስታል ይዘው ድልድዩን ተሻገሩ። የነጠላቸው ጠርዝ ብቻ እንደ ክር በራ፣ ከኋላቸው ዳገቱ በጭስ ነጥቷል። ፊታቸው ግን ጨልሟል። ትንሽ ላፍካው?

ጨለማ ክፍል
ተወው። እንዳለ አትመውና አምጣልኝ።