በ50 ዋት ሳስተላልፍ ዩኤስቢው ይቋረጣል፤ ቾኩ (የሞገድ ማገጃው) የት ይሁን?

ሰላም ለሁላችሁ። ዴቢያን 12 ሊኑክስ በጫንኩበት ላፕቶፕ ላይ በደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ፕሮግራም ኤፍቲ8 (አጫጭር መልእክት በኮምፒውተር የሚለዋወጡበት የአማተር ሬዲዮ ዘዴ) እሠራለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ጄነራል የሚባለው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አለኝ። ሬዲዮው የራሱ የድምፅ ካርድ ስላለው ድምፁም ቁጥጥሩም የሚያልፈው በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ነው። አንቴናዬ ጓሮ ዛፍ ላይ የተሰቀለ 10 ሜትር ገደማ ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ሽቦውን ከገመዱ ጋር የሚያጣጥም 49 ለ 1 ትራንስፎርመር አለ፤ ከዚያ ኮአክሱ (የአንቴናው ገመድ) በቀጥታ ቤት ይገባል።

መቀበሉ ግሩም ነው። በ14.074 ሜጋኸርዝ አውሮፓን በደንብ አነባለሁ። በ5 ዋት ሳስተላልፍም ሰላም ነው። ወደ 50 ዋት ከፍ ሳደርገው ግን ዩኤስቢው ይቋረጣል፣ ሬዲዮውን የሚያዘው ሶፍትዌር፣ ሃምሊብ፣ ስህተት ያወጣል። በዲሜሴጅ (በሊኑክስ የመልእክት መዝገብ) ሳየው መሣሪያው ጠፍቶ እንደገና ይመጣል። የከፋው ደግሞ ትእዛዙ ስለማይደርሰው ሬዲዮው አንዳንዴ ማስተላለፉን አያቆምም። ይሄ ያስፈራኛል።

የዳያልአውት ፈቃዱ (ሊኑክስ ላይ ወደቡን ለመጠቀም የሚያስፈልገው) ተስተካክሏል። የዩኤስቢ ገመዱን በአጭር ቀየርኩ፣ ፌራይት (ሞገድ የሚያግድ የማግኔት ቁስ) ላይ ጠመጠምኩት፣ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅዬ በባትሪ ሞከርኩ። ለውጥ የለም። አንቴናውን ነቅዬ በዱሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን በሚውጥ መሞከሪያ) 50 ዋት ሳስተላልፍ ግን ምንም አይቋረጥም። ስለዚህ ሞገዱ በኮአክሱ ውጫዊ ሽፋን ተመልሶ እየገባ ይመስለኛል።

የአዲስ አበባውን የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን (ET3AA)፣ ማግኘት በጣም እፈልጋለሁ። በ5 ዋት ደግሞ ይከብዳል።

ለአንድ ቾክ የሚበቃ ፌራይት አለኝ። ትራንስፎርመሩ ሥር ካደረግኩት ኮአክሱ ለአንቴናው እንደ ኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦ ማገልገሉን እንዳያቆም እሰጋለሁ። እዚያው ላድርገው፣ ወይስ ኮአክሱ ቤት ሊገባ ሲል?