ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ሽቦው በማን ኮድ ነው የሚሄደው?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገን፣ ተክለሃይማኖት ጋ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችን፣ ያገለገለ የአሜሪካ መላጊያ ማሽን ገዛንላት፣ ሞተሩ ላይ 460 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል። ኤሌክትሪሻናችን የሽቦዎቹን ቀለም ኢቢሲኤስ 10 (የኢትዮጵያ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ኮድ) አይፈቅድም ብሎ የፓኔሉን ሽቦ በሙሉ ልቀይረው ይላል፣ ሌላው ደግሞ የፋብሪካውን ንክች እንዳታደርጉ ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ 1፦
ወንድሜ ኢቢሲኤስ 10 እኮ የሕንፃ ነው፣ ከቆጣሪው ተነስቶ ማሽኑ ድረስ ያለው ገመድ፣ ብሬከር፣ ኧርዝ በሱ ይታያል። መስመሩ ማሽኑ ላይ ከታሰረበት ወደ ውስጥ ያለው ግን የማሽን ኮድ ነው፣ ዓለም አቀፉ አይኢሲ 60204-1 ይባላል፣ አሜሪካኖቹ የራሳቸው ኤንኤፍፒኤ 79 አላቸው። ስለዚህ ለቀለም ብሎ ደህናውን ሽቦ መንቀል ገንዘብ ማባከን ነው።

መልስ 2፦
ቀለሙን ግን አትናቁት!! እኛ ጋ አንዱ ልጅ የአሜሪካ ፓኔል ከፍቶ የ220 ፋን ሊጨምር ሰማያዊውን ኒውትራል ነው ብሎ አሰረበት፣ እነሱ ጋ ኒውትራል ነጭ ነው፣ ሰማያዊ የዲሲ ኮንትሮል ነው፣ በቃ 220ው በፋኑ አልፎ 24 ቮልቱ ውስጥ ገባና የኮንትሮል ካርዱ ጨሰ፣ ሽታው ሳምንት አልለቀቀንም። ደግሞ ብርቱካናማ ካየህ (የቆየ ከሆነ ቢጫም ይሆናል) ዋናውን ብታጠፋም ኤሌክትሪክ ሊኖርበት ይችላል፣ እጅህን ሰብስብ።

ጠያቂ፦
ኧረ ተባረኩ። 60 ኸርዙስ? እዚህ 380 በ50 ነው ያለን

መልስ 1፦
ሞተሩ ችግር የለውም፣ 460ን ለ60 አካፍለው 7.7 ገደማ ነው፣ 380 ለ50 ደግሞ 7.6፣ ያው ናቸው። ፍጥነቱና ኃይሉ ግን በስድስተኛ ገደማ ይቀንሳሉ፣ 1750 የሚዞረው ወደ 1450 ይወርዳል። የሚያስቸግርህ የኮንትሮል ትራንስፎርመሯ ናት፣ ከ480 ወደ 120 የምታወርድ ከሆነች በ380 የምትሰጥህ 95 ነው፣ ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራው የማግኔት ማብሪያ) ድርርር እያለ ጫፉን ሊያቃጥለው ይችላል። እሷን ቀይራት፣ ኦቨርሎዱን (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያጠፋውን) ሞተሩ ላይ በተጻፈው አምፒር አስተካክል፣ ቀዩ የአደጋ ማቆሚያም ሲመታ በትክክል ማቆሙን ሳታይ እንጨት እንዳትሰጠው።

ጠያቂ፦
አሁን ከፈትኩት፣ አንድ ብርቱካናማ አለ፣ ፓኔሉ ውስጥ ወዳለችው አምፖል ነው የሚሄደው። ዋናውን አጥፍቼ ቴስተር ስነካው በራ። ኤሌክትሪሻኑ ትናንት እዚችው ጋ በባዶ እጁ ነበር ሲነካካ የዋለው