የቦሩ ሜዳን የሰፈር ታሪክ መሰብሰብ ጀምረናል፤ የሰዎቹን ስም ምን እናድርግ?

የቦሩዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ቦሩ ሜዳ ነው። አሁን የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ እናቴ ግን እስካሁን እዚያው ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ጀርባ ናት። የዕድራችን ጸሐፊም እኔ ነኝ። ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በልጅነቴ ገጠር ነበር። ዛሬ ከተማው እየተጠጋ መጥቶ ዳርቻው አድርጎናል፤ በየሳምንቱ አንድ አሮጌ ቤት ፈርሶ ብሎኬት ይቆለላል።

ስለ ቦሩ ሜዳ የተጻፈ ነገር የፈለገ ሰው የሚያገኘው የ1870ውን ጉባኤ ነው። ዐፄ ዮሐንስ፣ ንጉሥ ምኒልክ፣ ካራና ጸጋ የሚባሉት የሁለቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርቶች ሊቃውንት ክርክር። እንግዳ ከመጣም ቦሩ ሥላሴን ተሳልሞ ይመለሳል። ትልቅ ታሪክ ነው፣ ይነገር። ግን ነገሥታቱ ድንኳን ነቅለው ከሄዱ በኋላ እዚያ ሜዳ ላይ ሰው ኖሯል፤ እሱን የጻፈው የለም።

ሆስፒታሉ ሲጀመር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ ያቋቋሙት ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ሰዎች ናቸው። ሕመምተኛው ከየአውራጃው በእግሩ፣ አቅም ያለው በበቅሎ ይመጣል። ከዳነ በኋላ አገሩ መመለስ ያልቻለው እዚሁ ጎጆ ቀለሰ፣ አገባ፣ ወለደ። እኛ የእነሱና የሠራተኞቹ ልጆች ነን። አባቴ ድሬሰር (ቁስል የሚያጥብና የሚያስር የጤና ረዳት) ነበር፤ እናቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ቡና ትሸጥ ነበር።

አሁን የዕድሩ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተለቃለች። ፎቶ፣ ዕቃና አጭር ጽሑፍ ልናስቀምጥባት ነው። እስካሁን ካሰባሰብነው ለእኔ ትልቁ አባቴ ያስቀመጠው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ታቹ የመኪና ጎማ፣ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ፣ ማሰሪያው ሰፊ ቆዳ። ከላይ ምስማር የሚባል ነገር የለበትም፣ ሁሉም በክር የተሰፋ ነው። በሽታው የእግርን ስሜት ስለሚያጠፋ ሕሙማኑ ምስማር ቢወጋቸው አይሰማቸውም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ አጥንት ይደርሳል። አባቴ «እግር የሚቆረጠው በበሽታው ሳይሆን በጠጠሩ ነው» ይል ነበር። የግራው ጫማ ተረከዝ በአንድ በኩል ብቻ አልቋል። የማን እግር እንደነበረ ግን አላውቅም።

ሌላው የዕድሩ የመጀመሪያ መዝገብ ነው። ጀርባው ሲላቀቅ የሰፉት በቁስል ማሰሪያ ሻሽ ነው። ከወርሃዊው መዋጮ ረድፍ ላይ በገንዘብ ፋንታ «ገብስ» የሚል አለ። በስም ረድፍ ደግሞ የአባት ስም የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ «የላስታው»፣ «የወረኢሉዋ» ተብለው ነው የተመዘገቡት። እናቴን ስጠይቃት፣ ቤተሰባቸው እንዳያፍርባቸው ስማቸውን አገራቸው ጥለው የመጡ ናቸው አለችኝ።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ይህን መዝገብ ከፍተን ለሰው እናሳይ? ልጆቻቸው ዛሬ ሱቅ ያላቸው፣ አስተማሪ የሆኑ፣ በጋብቻም ከሩቅ የተሳሰሩ ናቸው። ደግሞስ ሽማግሌዎቹን እንዴት ብንቀዳቸው ይሻላል? ያረፉት ካሉት በዝተዋል። የ1870ውንስ ጉባኤ እንዴት ነው የምንጽፈው? ሥራውን የምታውቁ እባካችሁ።

መዝገብ ቤት

እህቴ፣ እጃችሁ ይባረክ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዛግብት ቤት ነው፤ ከወረቀቱ ልጀምር።

ያንን ሻሽ እንዳትነኩት። ደብተሩን እናሳምር ብላችሁ ስኮች ብትለጥፉበት ወይም በላስቲክ ብታስለብዱት መልሶ ማዳን አይቻልም፤ ማጣበቂያው ወረቀቱን ይበላዋል። የዛገ ስፒል ካለበት ቀስ አድርጋችሁ አውጡለት። ገጾቹን መቁጠር ካስፈለጋችሁ በእርሳስ፣ ጥግ ላይ። የደሴ ጉም የምታውቂው ነው፤ በፌስታል ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ከታሰረ እርጥበቱ ውስጡ ይቀርና ይሻግታል። ንጹሕ ካርቶን ውስጥ በነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከውጭ ግድግዳም አርቁት።

ከዚያ በፊት ግን በስልክ አንሡት። መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጎ፣ ባዶውም ገጽ ሳይቀር። ቅጂውን አንድ ቦታ ብቻ እንዳታስቀምጡ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ሲዘረፍ ምን እንደተሰማን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዕቃው ከሄደ በኋላ ፎቶውና ዝርዝሩ ሌላ ቦታ ካለ ቢያንስ ምን እንደጠፋ ይታወቃል፣ ተፈልጎም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ዕድሩ ዘንድ፣ አንዱ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ የሚኖር የሰፈር ልጅ ዘንድ ይሁን።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሰው ብራና ወይም የቆየ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ዕቃ ይዞ ቢመጣላችሁ አትቀበሉ፣ አትግዙም። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት መመዝገብ አለበት። ባለቤቱ ዘንድ እያለ ፎቶ አንሡና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ አስመዝግቡ።

ቀረጻውን በተመለከተ፣ «ታሪክ ንገሩን» አትበሏቸው። እንዲህ ያላችኋቸው እንደሆነ ስለ ወሎው ንጉሥ ሚካኤል ያወሩላችኋል። «ከቤትዎ ሲወጡ በቀኝ በኩል ማን ነበር የሚኖረው? ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር? መጀመሪያ የመጡ ቀን ማን ተቀበለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። መራመድ የሚችሉትን ይዛችሁ ሰፈሩን ዙሩ፤ እግር ያስታውሳል። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛው ላይ ከሆነ ሲኒ በተነሣ ቁጥር ይንኳኳል። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ማን እንደሚናገር በድምፅ አስገቡ። ፈቃዳቸውንም እዚያው ላይ ይናገሩ፦ ለማን ይሰማ፣ ስማቸው ይጠራ ወይስ አይጠራ።

የጦሳ ሥር

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ አልስማማም። እኔም የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ። ተማሪ ቤት ከእኛ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የማይቀመጡ ነበሩ። ልጄ ይህን እንድትሰማ አልፈልግም። ክፍሉን ክፈቱ፣ ጉባኤውን አሳዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩ። የበሽተኛ መዝገብ ግድግዳ ላይ መስቀል ግን የሰውን ቁስል መንካት ነው።

የቦሩዋ

ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፤ እኔም አንድ ዴስክ ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ፣ የድሬሰር ልጅ በመሆኔ ብቻ። ለዚህም ነው መጀመሪያ የጠየቅሁት። ግን ዝም ማለታችን ያንን ንግግር አላስቀረውም። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ሆስፒታሉ ማከሚያ ማዕከል ሆነና ታክሲ ውስጥ «ከቦሩ ነው የመጣሁት» ስንል ሰው እንደገና መስኮት ይከፍት ጀመር። የበፊቱን ማንም ስላልነገራቸው ነው የደገሙት ብዬ አስባለሁ።

የልጅ ልጅ

ይህን ጽሑፍ ሳነብ እንባዬ መጣ። አያቴ እዚያ መዝገብ ላይ ካሉት አንዷ ናት። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ግን ነግሬ አላውቅም።

አያቴ ወደ ቦሩ ስትመጣ የታዘዘላት ዳፕሶን ነበር፤ ዓመታት ዋጠችው። በኋላ ሦስቱ መድኃኒት በአንድ ላይ የሚሰጥበት ሕክምና መጣ፣ እነ ሪፋምፒሲን ያሉበት፤ እሱ እንደ ሕመሙ ዓይነት በ6 ወር ወይም በ12 ወር ያልቃል። «የእኔን ዕድሜ የበላው ነገር ዛሬ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ነው» ትለን ነበር። በዘር የሚተላለፍ እንዳልሆነ፣ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉ እንደሚቆም፣ ይህን ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት። ከምትጽፉት ሁሉ እሱ ይቅደም።

ጣቶቿ ሄደውም እንጀራ ትጋግር ነበር። ምጣዱን የምታሰስበት ጨርቅ በእጇ አንጓ ላይ ይታሰርላታል፤ አሳሪው እኔ ነበርኩ። ትኩስ መሆኑን ስለማይሰማት «እየኝ፣ እየኝ» ትለኝ ነበር፤ ሥራዬ የእጇን ቆዳ መጠበቅ ነበር። በእንፋሎቱ ውስጥ ክንዷን እያየሁ ነው ያደግሁት።

ስለ ስም፣ የእኔን አያት በሙሉ ስሟ ጻፉ። የአባቷን ስም እኔ እሰጣችኋለሁ፣ መዝገቡ ላይ የለም። ግን ይህ የእኔ ፈቃድ ነው፤ የጦሳ ሥር የሚለው ወንድማችን ካልፈቀደ የእሱ ይሸፈን። አንድ ቤት ለሌላው ቤት አይፈርምም። ጠያቂ ቤተሰብ ያጣውን ስም በተመለከተ ደግሞ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበርን ሰዎች አማክሩ፤ ይህን ነገር ከማንም በላይ እነሱ ኖረውበታል።

አባ ቦርከና

ልጄ፣ አላህ ያግዛችሁ። እኔ ስለ ጉባኤው ልናገር፤ የደፈረ አላየሁም።

በግንቦት 1870 እዚያ ሜዳ ላይ ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም የተከራከሩት። የወሎ መሳፍንትም ቀርበው ነበር። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ክርስትና ያነሧቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እኒያው ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበን አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፣ የእሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ናቸው። ሕዝበ ሙስሊሙም እንዲከተል ቀን ተቆርጦለት ታዘዘ። እምቢ ያለ ተሰደደ፣ ሸፈተ፤ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር የተነሡት በዚያ ምክንያት ነው። ይህን አባቶቻችን ቡና ላይ፣ ዱዓ ላይ ሲነግሩን ነው የኖሩት።

እንግዲህ ግድግዳችሁ ላይ «የሃይማኖት አንድነት የጸናበት ቦታ» ብላችሁ ብትጽፉ ግማሹ ሰፈር በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። «ወሎ ሁሌም በፍቅር የኖረ ነው» ብላችሁም አትለፉት፤ ፍቅሩ እውነት ነው፣ የኖረው ግን ያንን አልፎ ነው። የሆነውን እንደሆነ ጻፉ። ረቂቁን ከመስቀላችሁ በፊት የቦሩ ሥላሴን አንድ ካህንና የመስጊዱን አንድ ሰው አብረው ተቀምጠው ያንብቡት፣ አንዱ ለሌላው እየሰማ። ደግሞ አንቺ ያልሽው መዝገብ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዕድር ነው የሚከፍሉት አይደል? አንዱ ሲሞት ሬሳውን የሚያነሣው ሌላው ነው። በበሽታ ከዘመድ የተለየ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ቀባሪ ያገኘው እንዲያ ነው። ያንን ከጉባኤው ቀጥሎ አድርጉት።

የቦሩዋ

አባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አዎን፣ በአንድ ዕድር ነው፤ የተገዛው የሙስሊሙ ከፈንና የክርስቲያኑ ግምጃ ሳይቀር በአንድ ገጽ ላይ ተጽፏል። ያንን ገጽ እናሳያለን፤ የአባላት ስም የለበትም፣ የዕቃ ዝርዝር ብቻ ነው።

ትናንት ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረናል። መዝገቡ ተዘግቶ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ ግን ፎቶው ይነሣል። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ቤተሰብ ፈቅዶ የፈረመበት ስም ብቻ ነው፤ የጀመርነውም በልጅ ልጅ አያት ነው። የጦሳ ሥር፣ የአንተ ቤት ስም ካንተ ቃል ውጭ አይወጣም፤ በውስጥ መስመር ልጻፍልህ። ረቂቁን ለካህኑና ለሼሁ ከጾም በኋላ እናቀርባለን፤ አባ፣ መምጣት ከቻሉ መኪና እንልካለን።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አላገኘሁም። ሆስፒታሉ ውስጥ ጫማ ይሰፉ የነበሩት ሰዎች ወይም ልጆቻቸው ያሉበትን የሚያውቅ አለ? ጎማው በምን ይቆረጥ እንደነበር፣ ልኩን እንዴት ይወስዱ እንደነበር የሚነግረን እንፈልጋለን። አንዳንዶቹ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ሊስትሮ ሆነዋል ሲባል ሰምቻለሁ። በሰፈራችሁ ጠይቁልን።