ለሰፊ ጎማ የሚሆን የፓራፋንጎ ክፈፍ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይሠራ?

ጠያቂ፣ ከእነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በሞረትና ጅሩ ዙሪያ ዘርና ማዳበሪያ የማመላልስበት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ። የቀድሞውን 7.50-16 ጎማ አውልቄ ከነቸርኬው 265/75 ባለ 16 ስላስገባሁለት፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ አልፎ ወጥቷል። ክረምት ሲገባ ጎማው የሚወረውረው ዋልካ በሩንና የጎን መስተዋቱን ከመድፈኑም በላይ፣ ጠጠር በለበሰው መንገድ ላይ የሚፈናጠረው ድንጋይ የበሩን ቀለም እስከ ላሜራው ድረስ ልጦታል። ተሠርቶ የሚሸጠው የፓራፋንጎ ክፈፍ፣ ማለትም እንደ ቤት ክፈፍ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ጎማውን የሚጋርደው ዕቃ፣ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። አንድ ጋራዥ ከላሜራ ቆርጦ በብየዳ ቢያያይዝልኝም፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ብየዳው ተሰንጥቆ የተበየደበት ጠርዝ በሙሉ ዛገ። በምን ዕቃ ብሠራው፣ እንዴትስ አድርጌ ባስረው ይበጃል ትላላችሁ?

ባቲላሜራ፣ ከደብረ ብርሃን፦

ወንድሜ፣ የፓራፋንጎ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ከጀርባው ያለው ቀለም ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ከውስጥ በኩል ሳይቀባ ይቀርና እርጥብ ዋልካ ተለጥፎበት ሲከርም ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ አስቀድመህ የተበየደውን አስነሣ፤ ዝገቱን እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ አስፍቀህ ጸረ ዝገት ቀለም አስቀባ። ይህን ዘልለህ የምታስረው ክፈፍ ዝገቱን ከመሸፈን በቀር ምንም አይጠቅምህም።

ልኩን በዓይንህ አትገምት። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመህ ቀጥ ያለ እንጨት ከጎማው የውጭ ጎን ጋር አስጠጋና በቱምቢ አስተካክለህ አቁመው፤ ከእንጨቱ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት ጎማው የወጣበት ልክ ነው። በዚያ ላይ ከጠርዙ ሥር ለሚታሰረው 2 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎማው አልፎ ለሚጋርደውም 2 ሴንቲ ሜትር ጨምርበት።

ዕቃውን በተመለከተ እኔ የምመርጠው ያረጀ የናይለን የጭነት መኪና ጎማ ነው። ራዲያል የሚባለው ከመሬት በሚነካው ገጹ ሥር የብረት ሽቦ ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። የ9.00-20 ናይለን ጎማ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከገጹ ዙሪያውን የተቆረጠ ጠፍር ራሱ የጎበጠ ነው፤ ከፓራፋንጎው ቅስት ጋር ያለ ብዙ ትግል ይገጥማል። የጠፍሩ ርዝመት 3 ሜትር ስለሚደርስ ለሁለት ቢከፈል ለሁለት ጎማ ይበቃል። ቆራጩን ጋራዥ ውስጥ አትፈልግ፤ በረባሶ ሠሪ ዘንድ ሂድ። ቢላውን ውኃ እየነከረ የጎማውን ጥርስ ከሥሩ ካለው የናይለን ድርብ ሲገፈው አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ውኃው ካልነካው ላስቲኩ ቢላውን ይይዘዋል፤ ከነካው ግን እንደ ቆዳ ይላጥለታል። ሲያበቃ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲተርፈው ንገረው።

ማሰሪያው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይሁን፤ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ አንድ እያደረግህ፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ማለትም ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባውን ጠፍጣፋ ቀለበት፣ ከላስቲኩ በኩል አስገባለት። የብሎኑ ራስ ወደ ጎማው፣ ዳዶው ወደ ላይ መሆን አለበት፤ የብሎኑ ጥርስ ወደ ታች ከወጣ አንድ ቀን ጎማህን ይቀደዋል። የበሳኸውን ቀዳዳ ሁሉ ብሎኑ ሳይገባ በፊት ጸረ ዝገት ቀባው።

ሹፌር፣ ከሸዋ ሮቢት፦

እኔ የሠራሁት ከፕላስቲክ በርሜል ነው። ከጎማው ይቀላል፤ ለመቁረጥም ቀላል መጋዝ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ኬሚካል የተያዘበትን በርሜል ማሞቅ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ምን እንደነበረበት ሳታውቁ አትግዙ። በመጀመሪያው ሥራዬ ሁለት ስሕተት ፈጽሜያለሁ። አንደኛው በፈላ ውኃ አጉብጠዋለሁ ማለቴ ነው፤ ይህን የሞከርኩት ደብረ ብርሃን ላይ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የበርሜሉ ፕላስቲክ ደግሞ በሚገባ የሚለሰልሰው ከ120 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ እጄን ከማቃጠሌ በቀር ያተረፍኩት አልነበረም። በኋላ ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። ሁለተኛው ቀዳዳውን በብሎኑ ልክ መብሳቴ ነው። ከጣርማበር ብርድ ወርጄ ሮቢት ስደርስ፣ ፕላስቲኩ በሙቀት ረዝሞ በብሎኖቹ መካከል እንደ ማዕበል ተነሥቶ አገኘሁት። 1 ሜትር የሆነ የዚህ ዓይነት ፕላስቲክ የ30 ዲግሪ ልዩነት ሲያገኘው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሊረዝም ስለሚችል፣ ከመሐሉ በስተቀር ሌሎቹ ቀዳዳዎች በርዝመቱ አቅጣጫ ሞላላ መሆን ይገባቸዋል። በፕላስቲኩና በላሜራው መካከልም ከከመነዳሪ (ከጎማ ውስጥ አየር ከሚይዘው ላስቲክ) የተቆረጠ ስስ ጨርቅ መሰል ላስቲክ ካልገባ ቀለሙን ይፍቀዋል።

በነገራችን ላይ፣ በዋልካ ላይ ቀጭኑ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ስለሚያገኝ፣ እኔ ብሆን የድሮውን ጎማ ለክረምት አስቀምጠው ነበር።

ጠያቂ፣ ከእነዋሪ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ለክቼ ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ስላገኘሁት፣ ጠፍሩን በ9 ሴንቲ ሜትር ለማስቆረጥ ወስኛለሁ። ጋሼ፣ በላስቲኩና በፓራፋንጎው መካከል የሚቀረውን ክፍተት በሲሊኮን ልድፈነው?

ባቲላሜራ፣ ከደብረ ብርሃን፦

በፍጹም አትድፈነው። በስንጥቁ የገባ ውኃ መውጫ ካጣ ያው ዝገት ይመለሳል። እንዲያውም ከኋላ በኩል የታችኛውን ጫፍ ጣት እስኪያስገባ ክፍት ተወው፤ ዋልካው ሲሞላ በእንጨት ገፍተህ ታስወጣዋለህ። ብሎኖቹን ከማጥበቅህ በፊት ደግሞ የፊት ጎማውን ትልቅ ድንጋይ ላይ አውጥተህ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙር፤ የሚነካካ ቦታ ካለ ላስቲኩን እዚያው ላይ በቢላ ቀንስለት። ላስቲክ ሲጫን ስለሚረግብ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ሁሉንም ዳዶ እንደገና አጥብቅ።