ንጽጽር ቡድን ያልነበረውን የማጠናከሪያ ትምህርት እንዴት ልገምግም?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመግቢያ ፈተና ከ50 በታች ላመጡ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት የተሰጠ የማጠናከሪያ ትምህርት እንድገመግም ተመድቤአለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና የተሳታፊዎቹ አማካይ ውጤት በ9 ነጥብ ጨምሯል፤ ሆኖም ከመነሻው ንጽጽር ቡድን፣ ማለትም ትምህርቱን ሳያገኝ ከተሳታፊዎቹ ጋር የሚነጻጸር ቡድን፣ አልተመረጠም። ጭማሪው የፕሮግራሙ ውጤት ነው ብዬ ብጽፍ ስሕተት ይሆን?

ሚዛን፦ አዎን፣ ስሕተት ነው። ተማሪዎቹ የተመረጡት በዝቅተኛ ውጤታቸው ስለሆነ፣ በዕለቱ ታመው ወይም ሐሳባቸው ተበታትኖ ከወትሮ ችሎታቸው በታች ያመጡ በመካከላቸው ይበዛሉ፤ እነዚህ ምንም ባይደረግላቸው እንኳ በሁለተኛው ፈተና ወደ ተለመደው ደረጃቸው ይጠጋሉ። በስታቲስቲክስ ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው ይኸው ነው። የመደበኛው ክፍል ትምህርትም የራሱ ድርሻ አለው።

ተመራማሪ፦ በሚዛን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ንጽጽር ቡድን የለም መባሉን ግን አልቀበልም። 50ና ከዚያ በላይ ያመጡትም የመጨረሻውን ፈተና ወስደው ከሆነ ንጽጽሩ በእጅዎ አለ። 49 ያመጣ ተማሪ 50 ካመጣው በችሎታ እምብዛም አይለይም፤ የሚለያቸው የማጠናከሪያ ትምህርቱ ነው። የመግቢያውን ውጤት በአግድም፣ የመጨረሻውን በቋሚ ዘንግ አድርገው ግራፍ ይሥሩ፤ መስመሩ 50 ላይ ሲደርስ ድንገት ዝቅ ካለ፣ የዝቅታው መጠን የፕሮግራሙን ውጤት ያመለክታል። ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1960 ተመራማሪዎቹ ትስልትዌይትና ካምቤል የተማሪዎችን የክብር ሽልማት ባጠኑበት ጽሑፍ አስተዋውቀውታል። ውጤቱ ግን በ50 አካባቢ ላሉት እንጂ 20 ላመጣ ተማሪ አይናገርም፤ ይህን በሪፖርትዎ በግልጽ ይጻፉ።

የመስክ ሰው፦ ከስሌቱ በፊት መቁረጫ ነጥቡ፣ ማለትም 50፣ መከበሩን ያረጋግጡ። ለተማሪው አዝኖ 51ን 49 የሚያደርግ አራሚ አይጠፋም። በየነጥቡ ያሉትን ተማሪዎች ይቁጠሩ፤ 49 ላይ ተከማችተው 50ና 51 ላይ ከሳሱ ውጤቱ ተነካክቷል ብለው ይጠርጥሩ። ያቋረጡትንም ከዝርዝሩ አይሰርዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጡት የከበዳቸው ናቸው።

ጠያቂ፦ ቆጠርኩ፤ ክምችት አልታየም። ነገር ግን ከ50 በላይ አምጥተው በወላጅ ልመና የገቡ አሉ። ላውጣቸው?

ተመራማሪ፦ አያውጧቸው፤ እያንዳንዱን በመግቢያ ውጤቱ ቦታ ይተዉት። ከመቁረጫው በታች ካሉት 90 በመቶ፣ ከበላይ ካሉት ደግሞ 10 በመቶ ተሳትፈው ከሆነ የተሳትፎው ልዩነት 0.8 ነው። በ50 ላይ የታየው የውጤት ልዩነት 4 ነጥብ ቢሆን፣ 4ን ለ0.8 ሲያካፍሉ 5 ይመጣል፤ በመቁረጫው ምክንያት ለገቡት ትምህርቱ ያስገኘላቸው ግምት ይኸው ነው።